ልጆች ይዞ ሃኖይ መግባት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ ስለ ቬትናም የሚጽፍልን ሰው በዝቷል። በፊት የሚጠይቀን ነጋዴው ነበር፤ ስለ ጭነት፣ ስለ ዕቃ ዋጋ። አሁን ወላጆችም ተራ ይዘዋል። ለዛሬ ልጆችን የሚመለከቱትን ደብዳቤዎች ለይተናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሐምሌ ለሥልጠና ሃኖይ ይሄዳል። ትምህርት ስለሚዘጋ እኛም አብረን ልንሄድ ነው። ትልቁ ልጄ 10፣ መካከለኛዋ 6፣ ትንሹ 2 ዓመቱ ነው። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ሥልጠና ላይ ስለሚሆን ከተማውን የምዞረው ብቻዬን ነኝ። ያገኘሁት ዝርዝር ሁሉ መካነ መቃብር፣ እስር ቤት፣ ቤተ መቅደስ ነው። ልጆቼን ምን ላሳያቸው? ያ ሁሉ ሞተር ሳይክልስ? ቪዲዮውን ሳየው ፈራሁ።
የሦስት ልጆች እናት፣ ከአያት

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ያንን ዝርዝር ጣይው። የተጻፈው ልጅ ላልያዘ ሰው ነው። የቬትናም የነጻነት መሪ የሆ ቺ ሚን መካነ መቃብር የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ውስጥ ማውራት ክልክል ነው፣ ቆመሽም አታዪም፣ እየተራመድሽ ታልፊያለሽ። የ2 ዓመት ልጅ አዝለሽ እዚያ የምትሰለፊው ለማን ብለሽ ነው? የሆዋ ሎ እስር ቤትም ይቅር። የእግር ብረትና ጊሎቲን (አንገት መቁረጫ) ለ6 ዓመት ልጅ ምን ያደርግላታል።

ቀጥሎ የሰዓቱ ነገር። ሃኖይ ከእኛ በ4 ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን የልጆችሽ ሰውነት ገና 11 ሰዓት ላይ ነው፤ አልጋ ውስጥ ብታስገቢያቸውም ጣሪያ ሲያዩ ያመሻሉ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስትቀሰቅሺያቸው ደግሞ ለእነሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። አትታገያቸው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አርፍደው ይነሱ፣ ማታውን ተጠቀሙበት። እንዲያውም ሐምሌ ላይ ቀኑ የሚመች አይደለም። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይገባል፣ አንዳንዴም ያልፋል፣ እርጥበቱ ሲጨመርበት ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድንገት ዶፍ ይወርዳል። እዚህ ክረምት ነው ብለሽ ሻንጣውን በወፍራም ሹራብ እንዳትሞዪው። ለኤሲው አንድ አንድ ስስ ነገር ይበቃል።

ማታ የት? ሆዋን ኪየም ሐይቅ። ከተማው መሀል ያለ ትንሽ ሐይቅ ነው፣ ሕፃን ይዘሽም በቀስታ ትዞሪዋለሽ። ከዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እሁድ እኩለ ሌሊት በሐይቁ ዙሪያ ያለው መንገድ ለመኪናም ለሞተርም ይዘጋል፤ ይህ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለመደ ነው። ልጆች በኪራይ የሚነዷቸው ትንንሽ የባትሪ መኪኖች አሉ፣ ገመድ ዝላይ አለ፣ ገመድ ጉተታ አለ፣ የማታውቂው ሰው ልጅሽን እጁን ይዞ ጨዋታ ውስጥ ያስገባልሻል። የሃኖይ ሰው ልጅ ሲያይ ሁሉም ነገር ይቀርበታል። ጉንጭ ይነካሉ፣ ፀጉር ይዳስሳሉ፣ ፎቶ እንነሳ ይላሉ። ሴት ልጅሽ ሹሩባ ከተሠራች ደግሞ በየሄደችበት ልትከበብ ትችላለች፤ ካልፈለገች ፈገግ ብለሽ እጅሽን ብታወዛውዢ ይገባቸዋል።

እዚያው ትልቁን ልጅሽን አንድ ነገር አሳዪው። መሬት ላይ በጠመኔ ሁለት ረድፍ ቤት ይሰመራል፣ አምስት በአምስት፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ግማሽ ክብ። በየቤቱ አምስት አምስት ጠጠር ይገባል፣ በግማሽ ክቦቹ ደግሞ ትልልቅ ድንጋይ፤ ሹሞቹ እነሱ ናቸው። ከአንዱ ቤት ጠጠሩን አፍሶ አንድ በአንድ እየጣሉ መዞር፣ ባዶ ቤት ሲገኝ ከባዶው ቀጥሎ ያለውን መብላት። ኦ አን ኳን ይሉታል። ገበጣ ነው እኮ! ደንቡ ትንሽ ይለያል እንጂ ገበጣ የሚያውቅ ልጅ አንድ ዙር ካየ በኋላ ይቀመጣል፣ ቋንቋም አያስፈልገውም።

በሐይቁ ላይ በቀይ የእንጨት ድልድይ ተሻግረሽ የምትገቢበት ንጎክ ሶን የሚባል ቤተ መቅደስ አለ። ማታ ስለሚዘጋ ፀሐይ ከበረድ ስትል፣ ከመጨለሙ በፊት ግቡ። ውስጡ በመስታወት ሣጥን የተቀመጡ ግዙፍ ኤሊዎች አሉ፤ አንዱ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከመግባታችሁ በፊት ታሪኩን ንገሪያቸው። ሌ ሎይ የሚባል ጀግና በተአምር ባገኘው ሰይፍ የቻይናን ጦር አባረረ፣ በ1428 እ.ኤ.አ. ነገሠ፣ ከዚያ በዚህ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲዝናና አንድ ወርቃማ ኤሊ ብቅ ብሎ «ሰይፉን መልስ» አለው፣ መለሰለት። የመጨረሻው የሐይቁ ኤሊ የሞተው በ2016 እ.ኤ.አ. ጥር ላይ ነው፣ ከተማው አልቅሶለታል። እሱም አሁን እዚያው መስታወት ውስጥ ነው። የ6 ዓመቷ ልጅሽ «ሰይፉን የወሰደው ይሄኛው ነው?» ማለቷ አይቀርም። ምን እንደምትዪ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከሐይቁ ጫፍ መንገድ ስትሻገሪ የታንግ ሎንግ የውኃ አሻንጉሊት ቲያትር አለ። መድረኩ ውኃ ነው፤ አሻንጉሊቶቹ ከእንጨት የተሠሩ ናቸው፤ ተዋንያኑ ከቀርከሃ መጋረጃ ጀርባ እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ቆመው በረጅም ዘንግ ያንቀሳቅሷቸዋል። ዘንዶው ውኃም እሳትም ይተፋል፣ ቀበሮ ዳክዬ ይዛ ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ገበሬው ተናዶ ያሳድዳታል። ጨዋታው የተወለደው በቀይ ወንዝ አካባቢ የሩዝ ገበሬዎች ዘንድ ነው፣ በ1121 እ.ኤ.አ. በተቀረጸ የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ሳይቀር ተጠቅሷል። ሁሉ ነገር ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። ንግግሩ በቬትናምኛ ቢሆንም ልጆች ምንም አይጎድልባቸውም። ወንበሮቹ ብዙም ከፍታ የላቸውም፤ ከፊት ረጅም ሰው ከተቀመጠ ልጅሽ የምታየው ማጅራቱን ነው። ስለዚህ ቀደም ብለሽ የፊት ረድፍ ቁረጪ።

ለቀኑ ጥላ ያለበት ወይም ኤሲ ያለበት ቦታ ፈልጊ። የእኔ ምርጫ የብሔረሰቦች ሙዚየም ነው፣ ካው ዛይ ሰፈር። ሰኞ ዝግ ነው። ግቢው ውስጥ የተለያዩ ብሔረሰቦች ቤቶች በትክክለኛ መጠናቸው ተሠርተው ቆመዋል፣ ልጆች ይወጡባቸዋል፣ ይገቡባቸዋል። የኤዴዎች ቤት 42 ሜትር ይረዝማል፣ የባህናሮች ጣሪያ ደግሞ ቀና ስትዪ አንገት ያማል። በዛይራይ መቃብር ዙሪያ ያሉት የእንጨት ምስሎች ግን ራቁታቸውን ናቸው፣ ምንም አልተሸፈነም። ልጅሽ ጮክ ብሎ ይጠይቅሻል፤ መልስ አዘጋጂ። ሙቀቱ ሲብስ በምዕራብ ሐይቅ በኩል ያለው የሎቴ ሞል አለ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው፣ ውስጡ ትልቅ የዓሣ ማሳያ አለው። ሞል ለማየት ነው ቬትናም የሄድነው? የሚል ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሕፃን ይዞ አስፋልት ላይ ይቁምና ይንገረን። የቱ ሌ መካነ እንስሳ ግን ያረጀ ነው፣ እንስሳቱን አይተው ልጆች ሊያዝኑ ይችላሉ፤ እኔ አልሄድበትም።

ባት ቻንግ የሚባል የሸክላ ሠሪዎች መንደርም ከመሀል ከተማ ብዙ አይርቅም። ልጆች በሚሽከረከረው ጎማ ላይ የራሳቸውን ሸክላ ይሠራሉ። ጭቃው እስከ ክንድ ይደርሳል፣ ቅያሪ ልብስ ያዢ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ዜብራ አለ፣ ሞተረኛው ግን አይቆምም። መላው በቀስታ፣ ባልተለዋወጠ እርምጃ መሄድ ነው። ሞተረኛው እርምጃሽን ለክቶ በፊትሽ ወይም በኋላሽ ይዞርሻል። አደጋው ያለው መሮጥ፣ መሀል ላይ መቆም፣ ወደ ኋላ መመለስ ላይ ነው፣ ልጆች ደግሞ የሚያደርጉት ልክ ይህንኑ ነው። ስለዚህ ትንሹን እዘዪው፣ ሁለቱን በአንድ ወገን ያዢያቸው፣ ሞተሩ በማይመጣበት በኩል። አውቶቡስና መኪና እንደ ሞተር አይዞርልሽም፣ እሱን አሳልፊ። ካቃተሽ የምትሻገር አሮጊት ፈልጊና ጎኗ ተጠጊ። እነሱ ቀና ብለው እንኳ አያዩም።

የሕፃን ጋሪውን እዚሁ ተይው። የእግረኛ መንገዱ የሞተር ማቆሚያ ነው፣ ሞተር የሌለበት ቦታ ላይ የላስቲክ በርጩማና የሾርባ ድስት አለ። አንቀልባሽን ያዢ። ለትራንስፖርት ግራብ የሚባለው መተግበሪያ እንደ ራይድ ነው የሚሠራው፤ ዋጋውን ቀድመሽ ታያለሽ፤ መኪናውን እዘዢ እንጂ የግራብ ሞተር ላይ ከልጅ ጋር አትውጪ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የ20,000 ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ብርና የ500,000 ዶንግ ብር ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ልጅ እያለቀሰብሽ አይስክሬም ስትከፍዪ ይምታታብሻል፤ በተለያየ ኪስ ያዢያቸው። አይስክሬሙን ደግሞ ቻንግ ቲየን መንገድ ላይ ብሉት፤ ቤቱ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው ነው፣ ሰው ቆሞ ነው የሚበላው።

ጥያቄ፦ 13 ዓመቴ ነው። ወላጆቼ ሃኖይ ሊወስዱኝ ነው። እናቴ ያወጣችው ፕሮግራም ሙዚየም፣ ሙዚየም፣ ሙዚየም ይላል። እኔ ቲክቶክ ላይ ያየሁት ባቡሩ በቤቶች መሀል የሚያልፍበት ቦታ መሄድ እፈልጋለሁ። አሳምንልኝ።
ስሜ ይቅር፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ጎበዝ፣ እናትህን ላሳምንልህ አልችልም፣ ምክንያቱም እውነቷን ነው። ባቡሩ ከካፌው ጠረጴዛ በክንድ ርቀት ነው የሚያልፈው። የከተማው አስተዳደር በ2019 እ.ኤ.አ. ካፌዎቹን ዘግቷል፣ በ2022 እንደገና ዘግቷል፣ እነሱ ደግሞ መልሰው ይከፍታሉ። አጥር ባለበት «ና በዚህ ግባ» የሚልህ ሰው ካለ የሚፈልገው ቡና እንድትገዛለት ነው። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ካለህ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም።

ግን ባዶ እጅህን አልሸኝህም። እናትህን እንዲህ በላት። አንድ ሙዚየም ይሁን፣ እሱም የወታደራዊ ታሪክ ሙዚየም ይሁን። በ2024 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ ወደ አዲስ ሕንፃ ገብቷል፣ ግቢው ውስጥ ታንክና የጦር አውሮፕላን ተሰልፏል፣ ውስጥ ደግሞ ሚግ 21 አለ። ለቪዲዮህ ይህ ይሻልሃል። ከዚያ የሎቴ ሴንተር 65ኛ ፎቅ፤ ወለሉ በከፊል መስታወት ነው፣ ከእግርህ ሥር መኪናውን ታየዋለህ። አባትህ መጀመሪያ ይርገጥ፣ አንተ ቅረጸው። ባቡርም ካማረህ ከካት ሊን እስከ ሃ ዶንግ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሄድ የከተማ ባቡር አለ፣ 13 ኪሎ ሜትር፣ 12 ጣቢያ፣ በሰው ቤት ሰገነት አጠገብ ነው የሚያልፈው። የእንቁላል ቡናም አለ፤ ዣንግ የሚባለው ቤት ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ነው፣ የእንቁላል አስኳል ተመትቶ እንደ ክሬም ከላይ ይደረጋል። ቡና ከከለከሉህ በካካዎ የሚሠራውን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በነሐሴ ከአሜሪካ ቬትናም እንሄዳለን፣ እናቴንም ልጆቼንም ይዤ። ፍልሰታ ላይ ወደቀብን። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ፍልሰታን ሁሌ ይጾማሉ፣ ዘንድሮም እንጾማለን ብለው ቆርጠዋል። ሥጋና ዓሣ በማይጠፋበት አገር ምን ይበላሉ?
ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እማማን አታሳስቧቸው፣ ከጠበቁት በላይ ይመቻቸዋል። ቬትናም ውስጥ «ቻይ» የሚባል ምግብ አለ፣ የቡድሃ አማኞች የጾም ምግብ ማለት ነው። ብዙ ሰው በጨረቃ አቆጣጠር በወሩ 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ አይበላም፣ ነሐሴ አካባቢ የሚውለው ሰባተኛው የጨረቃ ወር ላይ ደግሞ ቩ ላን የሚባል ወላጅ የሚታሰብበት በዓል ስላለ ቻይ ቤቶቹ ይሞላሉ። ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ የሩዝ ኑድል፣ ጎመን በየዓይነቱ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንደኛ፣ ቻይ ባልሆነ ምግብ ቤት «አትክልት ብቻ» ብለሽ ያዘዝሽው ጎመንም የዓሣ ፈሳሽ ሊገባበት ይችላል፤ እሱ እንደ እኛ በርበሬ ነው፣ የማይገባበት የለም። ስለዚህ ቻይ የሚል ሰሌዳ ያለበት ግቡ፤ እዚያም ቢሆን እንቁላልና ወተት የለውም ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ ስልክሽ ላይ ተርጉመሽ ብታሳዪ ይቀላል። ሁለተኛ፣ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የተሠራ ዶሮ የሚመስል፣ ጭራሽ ቆዳ ያለው የሚመስል ነገር ሊቀርብላችሁ ይችላል። ጾም ነው። እማማ ግን «ውሰዱልኝ!» ሊሉ ስለሚችሉ ቀድመሽ ንገሪያቸው።

ለልጆቹ ጠዋት በእንፋሎት የበሰለ የሚጣበቅ ሩዝ በለውዝ አለ፣ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ስብ ወይም ዘይት አናቱ ላይ የሚያፈሱበት ዓይነትም ስላለ በለውዝና በሰሊጥ ብቻ ያለውን ምረጡ። ፍራፍሬው ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ድራጎን ፍሩት፣ ራምቡታን፣ ሎንጋን። እናንተ ቡና ስታዙ ጥቁር በሉ፤ ካላላችሁ ብርጭቆው ሥር ወፍራም የጣሳ ወተት ይገኛል። የቧንቧ ውኃ ለማንም አይጠጣም፣ የታሸገ ግዙ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምጽፈው። ባለቤቴንና ሁለት ሴት ልጆቼን ይዤ በመስከረም ሃኖይ አጭር ቆይታ አለን። ሃላል ምግብ ይገኛል? ወቅቱስ ጥሩ ነው?
የልጆች አባት

መልስ፦ ይገኛል ወንድሜ፣ ግን ፈልገህ ነው። አሮጌው ሰፈር ውስጥ ሃንግ ሉኦክ በሚባለው መንገድ አል ኑር መስጊድ አለ፣ በ1890 እ.ኤ.አ. የሕንድ ነጋዴዎች ያሠሩት፣ የከተማው ብቸኛ መስጊድ። ለጁምዓ እዚያ ከሄድክ ስለ ምግብ ቤቱ ከሰጋጁ መጠየቅ ነው፤ የሕንድና የማሌዢያ ሃላል ቤቶች በአካባቢው አሉ። የመንገድ ምግብ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ዝነኛው ቡን ቻ አሳማ ነው፣ ፎ የሚባለው የኑድል ሾርባ በዶሮ ቢባልም ዶሮው እንዴት እንደታረደ አታውቅም።

ስለ ወቅቱ ቀናህ። የልጆች በዓል የሚባለው የመኸር አጋማሽ በዓል በስምንተኛው የጨረቃ ወር 15ኛ ቀን ይውላል፤ በ2026 ሴፕቴምበር 25 ነው፣ በእኛ መስከረም 15፣ የደመራ ዋዜማ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ሃንግ ማ መንገድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋኖስ ይሆናል፤ ኮከብ፣ ዓሣ፣ ጥንቸል፣ በቀይ ወረቀት የተሠራም በባትሪ የሚያበራም። የአንበሳ ጭፈራ በከበሮ ይመጣል። ሴቶቹ ልጆችህ አንድ አንድ ፋኖስ ይዘው ይዞራሉ። ሕዝቡ ግን ለጉድ ነው፣ እንዳይጠፉብህ ማታ ሳይበረታ በጊዜ ግቡ፣ የሆቴሉን ካርድ በየኪሳቸው ክተት። የጨረቃ ኬኩ ውስጥ የአሳማ ስብ ሊኖር ስለሚችል እሱን እለፉት።

ጥያቄ፦ ለልጆች ቪዛ ለብቻው ይወጣል? እኔ ብቻዬን ነው የምወስዳቸው።
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ የራሱ ፓስፖርት ያለው ልጅ የራሱ ቪዛ ያስፈልገዋል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ጀምሮ ኢ-ቪዛ ለሁሉም አገር ዜጋ ተከፍቷል፣ እስከ 90 ቀን ይሰጣል። ሐሰተኛ ገጽ ስለሚበዛ በመንግሥት ገጽ ብቻ አመልክቺ፤ ስሙንም ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፊ። ከዚህ በላይ የሚያስፈልግሽ የልደት ሰርተፊኬት ነው፣ በእንግሊዝኛ የተተረጎመ። በእኛ አገር የእናትና የልጅ ስም አይገናኝም፤ ፓስፖርት አይቶ እናቱ መሆንሽን የሚያውቅ ኢሚግሬሽን የለም። የአባታቸውን የፈቃድ ወረቀትም ያዢ፤ የቢጫ ወባ ካርዱንም አትርሺ።

ጥያቄ፦ ሃሎንግ ቤይን (በደሴቶቹ የታወቀውን የባሕር ወሽመጥ) በአንድ ቀን ደርሰን ብንመለስስ? ልጆቹ 5 እና 8 ናቸው፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነን።
ከባሕር ዳር

መልስ፦ መንገዱ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ መመለሻውም እንደዚያው። ለ5 ዓመት ልጅ የመኪና ቀን ይሆንበታል። ከሄዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የማዕበል ወቅት ነው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ ድንገተኛ ማዕበል አንድ የቱሪስት ጀልባ ገልብጦ ልጆችን ጨምሮ ብዙ ሰው ሞቷል። ጠዋት የአየር ሁኔታውን ሳታዩ አትነሱ፣ ጉዞ ተሰረዘ ከተባላችሁም አትከራከሩ። ጀልባው ላይ ስትወጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት በልጆቹ ልክ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን ነው። የአዋቂ ብቻ ነው ያለን ካሏችሁ ውረዱና ሌላ ጀልባ ፈልጉ።